የኖርዌይን 1814 እንዴት እንዳጠናሁት

ኦስሎ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሜይ 17 ደረሰ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሕፃናቱ ባንዲራ ይዘው ይዘምራሉ፣ ትልልቁም ሰው የአገር ልብሱን ለብሷል። የድል በዓል መስሎኝ ጎረቤቴን ማንን እንዳሸነፉ ጠየቅኳት። "ሕገ መንግሥታችንን የጻፍንበት ቀን ነው" አለችኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

በኋላ የቋንቋ መምህራችን "ከኖርዌይ ታሪክ አንድ ዓመት መርጣችሁ አሥር ደቂቃ አስረዱን" ስትለን ሳላቅማማ 1814ን መረጥኩ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቀኖቹን ሸመደድኩ። ጃንዋሪ 14 የኪል ውል፣ ሜይ 17 ሕገ መንግሥት፣ ኦገስት 14 የሞስ ስምምነት፣ ኖቬምበር 4 ከስዊድን ጋር አንድነት። ለባለቤቴ ሳነብላት ጨርሳ ሰማችኝና "እሺ፣ ግን ለምን?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ቀደድኩና ከዳቦው ጀመርኩ።

ኖርዌይና ዴንማርክ ከ400 ዓመት በላይ በአንድ ንጉሥ ሥር ኖረዋል። በ1807 እንግሊዞች ኮፐንሀገንን በመድፍ ደብድበው የጦር መርከቦቹን ሲወስዱ ንጉሡ ከናፖሊዮን ጋር ወገነ። እንግሊዝም ባሕሩን ዘጋች። ኖርዌይ ደግሞ እህል የሚመጣላት በመርከብ ነው። ረሃብ ገባ። ሰው የዛፍ ልጥ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ከዱቄት ጋር እየቀላቀለ ዳቦ ጋገረ። ናፖሊዮን ሲዳከም ዴንማርክም አብራ ተሸነፈችና በኪሉ ውል ኖርዌይን ለስዊድን ንጉሥ አስረከበች። ያን ሁሉ ረሃብ የቻለውን ሕዝብ ማንም አልጠየቀውም። ይሄ ሲገባኝ የቀረው ዓመት ራሱ ተከፈተልኝ።

ከዚያ ለየወሩ አንድ አንድ ወረቀት ቆርጬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። ለራሴም ደንብ አወጣሁ፤ የፌብሩዋሪን ወረቀት ስጽፍ ከፌብሩዋሪ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ሰዎቹስ መቼ አወቁ? ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው።

የፌብሩዋሪው ወረቀት በጣም ነው የምወደው። በኖርዌይ የንጉሡ እንደራሴ የነበረው የዴንማርኩ ልዑል ክርስቲያን ፍሬድሪክ፣ ዘውዱ በውርስ ይገባኛል ብሎ ሊነግሥ አሰበ። ፌብሩዋሪ 16 አይድስቮል ላይ የአገሩን ትልልቅ ሰዎች ሰብስቦ ሲመክር፣ ፕሮፌሰር ጌዮርግ ስቨርድሩፕ ከማንኛውም ኖርዌጂያን የበለጠ መብት እንደሌለው፣ ሥልጣኑ ወደ ሕዝቡ እንደተመለሰ ነገረው። ልዑሉም ሰማው! ከፌብሩዋሪ 25 ጀምሮ ሕዝቡ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ለአገሩ ነፃነት ሕይወቱን ሊሰጥ ማለ፣ እዚያው ተወካዮቹን የሚመርጡለትን ሰዎችም መረጠ።

አንድ ቅዳሜ በባቡር አይድስቮል ሄድኩ። ቤተ መንግሥት ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት የብረት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው የካርስተን አንከር ነጭ የእንጨት ቤት ነው። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ የጥድ ቅጠል ጉንጉን ተንጠልጥሏል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት 112 ተወካዮች ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ስድስት ሳምንት ያህል የተቀመጡት እዚህ ነው። ታናሹ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከሰሜኑ ጫፍ የመጣ ግን አልነበረም፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አልደረሱም። ሴቶችም አልነበሩም። እዚያ ቆሜ ሳየው ክፍሉ እንዴት ጠባብ እንደሆነ ገረመኝ፤ መጽሐፍ ይሄን አይነግርህም፣ ከቻልክ ቦታውን ሂድና እይ።

ያስቸገረኝ አንቀጽ 2 ነው። ለዘመኑ እጅግ ነፃ የሚባለው ይሄ ሕገ መንግሥት አይሁዶች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ፣ የኢየሱሳውያንን (የካቶሊክ ካህናት ናቸው) እና የመነኮሳትን ማኅበራትም አገደ። መነኮሳትን! እኔ ገዳም አጠገብ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። እንግዳ ሆኜ የሰው በዓል ላይ እንከን ማንሳት ነውር መስሎኝ ልተዋት ነበር። አልተውኳትም። ምክንያቱም ኖርዌጂያኖቹ ራሳቸው ታግለውባታል፤ ገጣሚው ሄንሪክ ቨርገላንድ ለአይሁዶቹ ሲሟገት ኖሮ በ1845 ሞተ፣ የአይሁዶቹ እገዳ የተነሳው በ1851 ነው። የምትወደውን ታሪክ ስታወራ የሚያሳፍረውን ከደበቅክ ሰሚው የቀረውንም አያምንህም።

ክፍል ውስጥ ስናገር አሥሩ ደቂቃ ሳላስበው አለፈ። ከጁላይ ወዲህ ያለውን በሩጫ ነው የጨረስኩት። ስዊድን ወረረች፣ ጦርነቱ ከሦስት ሳምንት አልዘለለም፣ ኖርዌይ ተሸነፈች። ግን ሞስ ላይ የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ካርል ዮሃን ሕገ መንግሥቱን እንደሚቀበል ተስማማ፤ ሜይ 17 በተወካዮቹ ንጉሥ ሆኖ የተመረጠው ክርስቲያን ፍሬድሪክ በፈንታው ዙፋኑን ለቀቀ። እስከ 1905 ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር የኖሩት ያንን ወረቀት ይዘው ነው። የጎረቤቴ መልስ የገባኝ ይሄኔ ነው።

አንድ የክፍሌ ልጅ እጁን አወጣና "ልዑሉስ የት ገባ?" አለኝ። ወደ ዴንማርክ ተመለሰ፣ በ1839 እዚያ ነገሠ አልኩት።