ወርቅ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራለህ?

ከማንቸስተር ባንጎር ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለ መንገዱ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም፤ ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ከባንጎር በአውቶቡስ አንግልሲ ወደምትባለው የዌልስ ደሴት ተሻገርኩ፤ ከዚያም እስከ ሰሜን ጫፏ። እዚያ አምሉኽ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች።

ስሟን ለመጥራት ሳምንት ሙሉ ተለማምጄ ነበር። አምላክ ልትል ስትል አጥንት ቢያንቅህ የሚወጣው ድምፅ ነው። መቀሌ ያደገ ጓደኛዬ አንዴ ሰምቶ ልክ እንደ አገሬው ጠራትና ሲስቅብኝ ሰነበተ።

እዚያ ድረስ የወሰደኝ የሥራ ባልደረባዬ አባት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር የድሮ የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ ይለካሉ፣ ይስላሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ማንም አይከፍላቸውም። አንድ ቀን ልጃቸውን "እኔም ልምጣ?" አልኩት። በቀልድ ነበር፤ እሳቸው ግን የቦቲ ቁጥሬን ጠይቀው ላኩ።

ከመሄዴ በፊት ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ በወጣትነቱ ሻኪሶ አካባቢ ወርቅ ቆፍሯል፣ አጥቧልም። ጉድጓድ ልገባ ነው ስለው ደስ አለው።

"ወርቅ አለው?"

"የወርቅ አይደለም አጎቴ፤ የመዳብ ነው፣ መቆፈሩም ከቆመ ቆይቷል።"

"ታዲያ ወርቅ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ምን ትሠራለህ?"

መልስ አልነበረኝም።

አርብ ማታ ደረስኩ። ያረፍኩበትን ቤት ስም አልጠራም። 70 ፓውንድ ከፍዬ ያገኘሁት በቅጡ የማይዘጋ መስኮትና አራት ሰዓት ሲል የሚጠፋ ማሞቂያ ነው። ሚያዝያ መሆኑን ለማሞቂያው የነገረው ሰው አለ መሰለኝ፤ ለብርዱ ግን አልነገሩትም። ጃኬቴን ለብሼ ተኛሁ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ የባሕር ወፎቹ ጣሪያው ላይ ተሰብስበው መጨቃጨቅ ጀመሩ። የሰፈራችን ውሻ በስንት ጣዕሙ! ጠዋት የቀረበልኝ እንቁላል ግን ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም።

ከከተማው እስከ ተራራው ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ታክሲው 15 ፓውንድ አለኝ። ሜትሩን ሳየው ጠፍቷል። ልከራከር አስቤ ዝናቡን አየሁና ከፈልኩ። ሰውየው ስወርድ "መልካም ቀን" አለኝ። ለእሱማ መልካም ነው።

"ተራራው" ሚኒድ ፓሪስ ይባላል፤ ከፈረንሳዩ ፓሪስ ጋር አይገናኝም። ቁመቱ 147 ሜትር ነው። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህን ተራራ ማለት ይከብዳል። እኛ ጋ ስም እንኳ አያገኝም፤ "ያቺ ጉብታ ጋ" ተብሎ ይታለፋል። አፌን ያዘጋኝ ጫፉ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ሳይ ነው። የተራራው ሆድ የለም። ግዙፍ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ አንዳንድ ቦታ እንደ አመድ። ሣር እንኳ እምብዛም አይበቅልበትም። ይህ ሁሉ በዶማ፣ በመዶሻና በባሩድ የተቆፈረ ነው።

የባልደረባዬን አባት በሆዴ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ በአፌ ግን በስማቸው ጥሩኝ ብለው አስጨንቀውኛል። ታሪኩን ዝናብ ውስጥ ቆመው ነገሩኝ። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማርች 2 ቀን 1768 ትልቁ የመዳብ ክምችት ተገኘ። ያገኘው ሮላንድ ፑው የሚባል ቆፋሪ ሲሆን፣ እንደሚተረከው ሽልማቱ አንድ ጠርሙስ መጠጥና ዕድሜ ልኩን ኪራይ የማይከፍልበት ቤት ነው። ሀያ ዓመት ሳይሞላ ከዚህ ጉብታ የሚወጣው መዳብ የዓለምን ገበያ ይመራ ጀመር። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ሆዳቸው በመዳብ ይለበጥ ነበር፤ እንጨቱን የባሕር ትል እንዳይበላው።

ከኪሳቸው አንድ ጥቁር ሳንቲም አወጡ። የ1787 ነው። በአንድ ወገን በዛፍ ቅጠል የተከበበ የጥንት ካህን ራስ፣ በሌላው የኩባንያው ስም የመጀመሪያ ፊደላት። መንግሥት ዝርዝር ሳንቲም በበቂ ስላልሠራ ኩባንያው የራሱን አትሞ ለሠራተኛ ይከፍል ነበር። ከባድ ነው፤ መዳፍ ላይ ይሰማል።

ከሁሉ ያልጠበቅሁት የሚቀጥለው ወሬ ነው። የኩባንያው አለቃ ቶማስ ዊልያምስ ጠበቃ ነበር፤ "የመዳብ ንጉሥ" ይሉታል። በ1788 የባሪያ ንግድን የሚገድብ ሕግ ሲመጣ ለፓርላማ አቤት አለ፦ ለአፍሪካ ገበያ ዕቃ በሚሠሩ ፋብሪካዎች 70,000 ፓውንድ አፍስሰናል፣ እንከስራለን። የመዳብ አምባሩና ድስቱ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በሰው ይለወጥ ነበር። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን እያዩ ነው። "ይህንንም መዝግበናል" አሉ። እንግዳ ፊት ሊዘሉት ይችሉ ነበር።

ሴቶቹንም አነሱልኝ። "የመዳብ እመቤቶች" ይባላሉ። ድንጋዩን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው በመዶሻ እየፈለጡ መዳብ ያለበትን ይለዩ ነበር። የግራ ጣቶቻቸውን የሚጠብቅ ብረት የገባበት ጓንት ነበራቸው። ጌጥ የሆነ ስም ነው፤ ሥራው ግን ድንጋይ ፈለጣ ነው።

ወደ ታች የወረድነው በመሰላል ነው፤ ሄልሜት፣ የራስ ባትሪ፣ ለቁጥሬ አንድ የሚበልጥ ቦቲ። ስድስት ሰዎች ነን። ከእኔ በቀር ከስልሳ በታች ያለ አንድ ብቻ ነው፤ መሰላሉ ላይ ግን የሚያለከልከው እኔ ነበርኩ።

ውስጡ ያስቀናል፣ ያስጠላልም። አንዱ ግድግዳ ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የመዳብ ዝቃጭ እንደ ቀለም ፈስሷል። ቀጥሎ ከጣሪያው ንፍጥ ይንጠለጠላል። ንፍጥ ያልኩት ተሳድቤ አይደለም፤ እነሱም በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በንፍጥ ነው። በአሲድ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ እንደ ሎሚ ጭማቂ ይጎመዝዛል አሉኝ። ቀምሼ አላረጋገጥኩም።

የእኔ ሥራ ትንሽ ሰሌዳ ይዞ መቆም ነበር። ሌላው ከወዲያ ጫፍ የሌዘሩን ነጥብ ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ ርቀቱን፣ አቅጣጫውን፣ ስንት ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዳዘነበለ ጮክ ብሎ ያነባል። የሚጽፈው ሰው ቁጥሩን ይደግምና ውሃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ ያሰፍራል። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የቅዳሴ ተሰጥኦ በሉት። አንድ ቁጥር ሳይደገም ካለፈ እንደገና። ሦስት ሰዓት ሙሉ! እግሬ ደነዘዘ። እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ሰዓት አጎቴ ትክክል ነው ብዬ ነበር።

ለሻይ ስንቀመጥ ጠየቅኳቸው። ምን ያደርግላችኋል?

ጋሼ ስለ ውሃው ነገሩኝ። ከተማው በላይ በኩል፣ ተራራው ውስጥ፣ የድሮ ግድብ ብዙ አሲድ ውሃ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ቢደረመስ ቁልቁል አምሉኽ ናት። በ2003 ውሃው በፓምፕ ተመጥጦ ወጣ። አሁን እየፈሰሰ ወደ ባሕር ይገባል፤ ወንዙ በዌልስኛ "ቀይ ወንዝ" ነው የሚባለው፣ በእርግጥም ቀይ ነው። "ከሥርህ ያለውን ጉድጓድ ካላወቅኸው እንዴት ተኝተህ ታድራለህ?" አሉኝ። የእንግዳ ማረፊያዬን አስታወሰኝ እንጂ ሐሳቡ ገብቶኛል።

ሌላው፣ እንደ እኔ ዕድሜ ያለው፣ ተራ ከሆነ ድንጋይ ሌላ የማይመስል ነገር በባትሪው አሳየኝ። ከባሕር ዳር የመጣ ክብ ድንጋይ ነው፤ ጫፉ በመምታት ተሰባብሯል። 4000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ብረት ሳይኖር፣ ሰዎች ዓለቱን በእሳት አግለው በዚህ ይደበድቡት ነበር። እንዳለ ተወነው። አይነካም፤ ፎቶና ቦታው ብቻ ይያዛል።

እኔን የነካኝ ግን እሱ አይደለም። ግድግዳው ላይ እንቡጥ የምታክል የጭቃ ክምር ተለጥፋለች። ሻማ የሚተከልባት ነበረች። ጎኗ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ፤ ጥፍሩ የገባበትም። ጣቱ ትንሽ ነው፤ ልጅ ይሁን ሴት ማን ያውቃል። ጣቴን አስጠግቼ ሳልነካ መለስኩት። እነሱም "ቁጥር 31፣ ጭቃ፣ በግራ በኩል፣ ከወለሉ 1.2 ሜትር" ብለው አለፉ።

ስንወጣ ዝናቡ አላባራም። ጫፉ ላይ የ1878ቱ የንፋስ ወፍጮ ግንብ ቆሟል፤ ውሃ ለመምጠጥ የተሠራ ነው። በ1819 የተሠራው የእንፋሎት ሞተር ቤትም ከመፍረስ የዳነው ለዚህ ቅርስ በሚቆረቆሩ የአካባቢው ሰዎች ነው። ደረቅ ካልሲ አበደሩኝ። ሱሪህን ዛሬውኑ እጠበው አሉኝ፤ ሰነፍኩ። ማንቸስተር ስደርስ ጉልበቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ነበረው።

እሑድ አውቶቡሱ ጨርሶ ጠፋብኝ። ጋሼ በመኪናቸው ባንጎር ድረስ አደረሱኝ፤ ለነዳጅ ስሰጣቸው ተቆጡ።

ከወር በኋላ የለካነው ጉድጓድ ሥዕል በኢሜይል መጣ። ሰሌዳ ይዤ የቆምኩበት ቦታ አንዲት አጭር መስመር ናት፤ 7.4 ሜትር። ጥጉ ላይ የለኪዎቹ ስም ተጽፏል፤ የእኔ በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ጻፍኩላቸው። በሰዓቱ አስተካክለው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ የታረመበትን ቀን ጨምረው መለሱ።

ለአጎቴ በቴሌግራም ላክሁለት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ደወለ።

"አይቼዋለሁ" አለ። "መውጫው በየት በኩል ነው?"