ከዋሽንግተን እስከ ኮሎምበስ፦ የጦርነት ዘመን ኮሚኮችን በእጅ ማገላበጥ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የታተሙ የአሜሪካ ኮሚኮችን፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶችን፣ በስክሪን ሳይሆን በወረቀታቸው ማየት የሚፈልግ ሰው፣ መጀመሪያ ዋሽንግተን ቀጥሎ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ቢሄድ ይሻለዋል። (ቀናቱን፣ ወራቱንና ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።)

ዋሽንግተን ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ካፒቶል ሳውዝ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወርዶ ወደ ማዲሰን ሕንፃ መግባት፣ ፓስፖርት አሳይቶ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የአንባቢ መታወቂያ ማውጣት፤ ክፍያ የለውም። ቤተ መጻሕፍቱ ከ140,000 በላይ የኮሚክ እትሞች አሉት። እኔን ያስደሰተኝ ግን የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ የነበረው የፒትስበርግ ኩሪየር ማይክሮፊልም (ገጾቹ አንሰው የተቀዱበት፣ በማሽን የሚነበብ ፊልም) ነው። ጄ. ኤ. ሮጀርስ በ1934 በዚህ ጋዜጣ ላይ የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚያቀርብ ዓምድ ጀመረ። ጣሊያን አገራችንን ስትወር ደግሞ ጋዜጣው ዘጋቢው አድርጎ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ፊልሙን ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በማይክሮፊልም ላይ ግራጫው ጥላ ጠቁሮ የሥዕሉን መስመር ይውጠዋል። የማሽኑን ብርሃን ከፍ፣ ንፅፅሩን ዝቅ ሲያደርጉ የተዋጠው መስመር በከፊል ይመለሳል።

ወደ ኮሎምበስ የመንገደኞች ባቡር የለም፤ በ1979 ቀርቷል። መንገዱ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሌሊት አውቶቡስ አልመክርም፤ ማቀዝቀዣው እስኪነጋ አይጠፋም፣ መብራቱ በየፌርማታው ይበራል፣ ለቅያሪ ደግሞ በውድቅት ሌሊት ብረት ወንበር ላይ መጠበቅ አለ። ጉዞውን ለቅዳሜም አያድርጉት። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው ሲጫወት የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል። ያረፍኩበት ሆቴል መኪና ለሌለው እንግዳ የመኪና ማቆሚያ አስከፍሎ ነበር። ሲጠየቁ ሰረዙት፤ ደረሰኙን መስመር በመስመር ማንበብ ያስፈልጋል።

የቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሰሊቫንት አዳራሽ ውስጥ ነው። ኤግዚቢሽኑ በነጻ ነው። ለንባብ ክፍሉ ግን የሚፈልጉትን አስቀድመው መጻፍና ቀጠሮ መያዝ አለብዎት፤ እስክሪብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ተቋሙ በ1977 የተመሠረተው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው የኮሚክ ሠዓሊ ሚልተን ካኒፍ በሰጠው ስብስብ ነው። ካኒፍ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች ጋዜጦች ያለ ክፍያ ሲስል ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1943 በእሑድ ጋዜጣ የወጣው የኮሚክ ገጹ፣ አንድ መኮንን ለአዲስ አብራሪ የሰጠው ምክር፣ በኮንግረስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በእጅ የተሳሉት ኦሪጅናል ሥዕሎች ላይ የንድፉ ሰማያዊ እርሳስ ሳይጠፋ ቀርቷል፤ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ስለማያየው መደምሰስ አላስፈለገም። አንዲት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ ሥዕሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን እንዴት እንደምመለከት አሳየችኝ። ስህተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም ያኔ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይታያል። ማንም ሳይጠይቃት ያደረገችው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠቅሞኛል።

ከሁሉ በላይ ግን ጦርነቱ ያለው በወረቀቱ ውስጥ ነው። በ1941 አንድ ኮሚክ ከሽፋኑ ጋር 68 ገጽ ነበረው። መንግሥት ወረቀት በኮታ ሲያደርግ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 52 ወረደ፤ ዋጋው ግን በ10 ሳንቲም ጸና። በስምንት በስምንት የቀነሰው ትልቁ የማተሚያ ወረቀት እየታጠፈ ስለሚቆረጥ ነው። ልጆችም ያነበቡትን ለወረቀት ማሰባሰቢያው ያስረክቡ ነበር። እኛ አገር ጋዜጣ ለቆሎ መጠቅለያ እንደሚውለው፣ ያም ወረቀት ለጦር ሠራዊት ማሸጊያ ካርቶን ሆኗል። የዚያ ዘመን እትም የሚወደደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የሽፋን ቀን ያሳስታል። የኮሚክ ጀግናው ካፒቴን አሜሪካ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ የሚታይበት የጆ ሳይመንና የጃክ ኪርቢ እትም መጋቢት 1941 ይላል፤ ገበያ የወጣው ግን ታኅሣሥ 1940፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር የነበረው ፐርል ሃርበር በጃፓን ከመመታቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ለፐርል ሃርበር የተሰጠውን ምላሽ የሚፈልግም በሽፋናቸው ላይ የ1942 አጋማሽ ወራት የተጻፈባቸውን እትሞች ይጠይቅ።

በእነዚሁ የጦርነት ዘመን እትሞች ውስጥ ጃፓናውያን የዘንዶ ጥርስ ተስሎላቸው ያገኟቸዋል። ካኒፍ ራሱ በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች በተዘጋጀ የቻይና መምሪያ ላይ ጃፓናዊን ከቻይናዊ በመልክ መለየትን የሚያስተምር ሥዕል ስሏል። አሳፋሪ ሥራ ነው። የተዋጣለት እጅ ስለሳለው አሳፋሪነቱ አይቀንስም፤ ከኤግዚቢሽን ባይጎድል ደስ ይለኛል።

መግዛት ለሚያስብ፦ መጀመሪያ ቅጠሎቹን ይቁጠሩ። 64 የውስጥ ገጽ ባለው እትም በአንድ ወረቀት የተያያዙ ገጾች ድምር 65 ነው፤ ገጽ 3 ከ62 ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ከፊት አንድ ቅጠል ከጎደለ ከኋላ ያለው ጓደኛው ይላላል። 48 የውስጥ ገጽ ላለው ድምሩ 49 ነው። ልጆች በመቀስ የቆረጡት የአባልነት ኩፖን መኖሩን፣ የሽቦውንም ዝገት ይዩ። ወረቀቱ አሲድ ስላለበት ብርሃንና ሙቀት ያቃጥለዋል። በፖሊስተር ከረጢት፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ተደግፎ፣ ከ21 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። ተራው ፕላስቲክ ሲያረጅ ከሽፋኑ ቀለም ጋር ይጣበቃል። በአውሮፕላን ሲመለሱ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሃል አድርገው በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ጭነት ክፍል አይስጡት።