ነጭ ጭስ ያለው

እንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፎቶ አንሺ ሆኜ ሠርቻለሁ። የግድግዳ ካላንደር እናዘጋጅ ነበር። አንድ ዓመት ለታኅሣሥ ገጽ የእንፋሎት ባቡር ተፈለገ። የአለቃዬ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ሪብልሄድ ድልድይ ላይ፣ ነጭ ጭስ ያለው።»

እንግሊዞች የእንፋሎት ባቡርን ከመደበኛ ሥራ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ግን አልጨከኑበትም። የተረፉትን እየጠገኑ ዛሬም አልፎ አልፎ ዋናው ሐዲድ ላይ ያወጧቸዋል። ሪብልሄድ ደግሞ ከሴትል ወደ ካርላይል በሚወስደው መስመር ላይ ያለ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ 24 ቅስት፣ 400 ሜትር ርዝመት። ለፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ባቡሩ ጠዋት ወደ ሰሜን ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። እኔ ፀሐይዋን አሰላሁ። ከሰዓት ብርሃኑ ይሻላል ብዬ ጠዋት ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ስደርስ ሜዳው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ራሱ ሊያባንነኝ ይገባ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዱ ቆመዋል።

«የጠዋቱን አነሳኸው?»

«አይ፣ የመልሱን ነው የምፈልገው። ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

«ብርሃኑማ ጥሩ ነው» አሉና ሻያቸውን ፉት አሉ።

ባቡሩ መጣ። ጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጭስ ግን የለም። ጠብታ የለም! ከኋላ የሚገፉት ይመስል ድምፁን አጥፍቶ ተንሸራቶ አለፈ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሽማግሌው አዘኑልኝ መሰለኝ አስረዱኝ። ከሴትል ወደዚህ ሲመጣ ዳገት ነው፤ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ባቡረኞቹ «ረጅሙ ጉተታ» ይሉታል። ያኔ ፒስተኑን የገፋው እንፋሎት በጭስ ማውጫው እየተተኮሰ ይወጣል። ሲመለስ ግን ቁልቁለት ስለሆነ ሾፌሩ እንፋሎቱን ይዘጋዋል። በዚያ ላይ ቀኑ ሞቃት ነው፤ ነጩ ነገር ደምቆ የሚታየው ብርድ ሲሆን ነው።

አለቃዬ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና «ጭሱስ?» አለች። ብርሃኑን ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። በጠዋት፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ዳገቱ ላይ። ባቡሩ ገና ሳይታይ ማቃሰቱ ተሰማ። ከዚያ ነጭ ተራራ ተሸክሞ ብቅ አለ። ያውም ምን ዓይነት ነጭ! ካሜራዬን ደቀንኩ፤ ሁለት ፎቶ እንዳነሳሁ ነፋሱ ያንን ሁሉ እንፋሎት እኔ ላይ ደፋው። ሎኮሞቲቩ፣ ፉርጎዎቹ፣ አጥሩ፣ ሁሉም ጠፋ። የከሰል ሽታ ብቻ ቀረኝ።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ሽማግሌውን አየኋቸው። ከሐዲዱ ማዶ፣ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፔርሙዛቸውን ይከድናሉ።