እንኳን አደረሳችሁ! ወንበር ልያዝላችሁ?

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ። ድሬ ላላችሁም፣ አዲስ አበባ ለከተማችሁም፣ ካናዳ በረዶ ውስጥ ሆናችሁ የድሬውን የከዚራ ሰፈር ጥላ ለምትናፍቁም። ሙስሊም ጎረቤቶቼ፣ ድፎ ዳቦው ደርሷችኋል አይደል? ያለፈው ኢድ ትሪያችሁ እኔ ጋ ስለቀረ በእናንተው ትሪ ነው የላክሁት። ሂሳብ ተዘጋ።

ገና ድሬ ላይ ለየት ያለ ደስታ አለው። ሙቀቱ ይለቃል። ግንቦት ላይ ፋን ስር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግተን የምንውል ሰዎች፣ ታኅሣሥና ጥር ሲሆን ነጠላ ደረብ አድርገን ማታ ደጅ እንቀመጣለን። ከታኅሣሥ 19 ጀምሮ ደግሞ የቁልቢ እንግዳ ከተማውን ይሞላዋል። ገና እስኪያልፍ ድረስ ድሬ አትተኛም። ባንዶቹም ይሄን ያውቃሉ።

እኔም አልተኛም። ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እሰይ፣ እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንሽን ትሳለሚያለሽ» አለኝ። እሳለማለሁ። ጠዋት እሳለማለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ባንድ ላዳምጥ እሄዳለሁ። ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመድ ከዚህ ነቅዬ እዚያ እየሰካሁ፣ ሰውን ከሰው አገናኝ ነበር። ሥራው አንድ ክፉ ነገር ነበረው። «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፣ ይጨምራሉ?» ማለት ነበረብኝ። እናት ከልጇ ጋር እያለቀሰች ሦስት ደቂቃ። ነጋዴው ከጅቡቲ ስለ ዕቃው እየተጨቃጨቀ ሦስት ደቂቃ። ስንቱን ወሬ መሀል ላይ እንደቆረጥኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው። በኋላ ዲጂታሉ ሲመጣ ወደ ቢሮ ሥራ አዛወሩኝ፤ ያቺ ሦስት ደቂቃ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

በዚያ ዘመን ላይቭ ሙዚቃ የሰማሁት በአጥር ነው። የማታ ተረኛ ስሆን ሰርቪሱ ከዚራ ላይ በአንድ ሆቴል ጎን ያልፍ ነበር፤ ሾፌሩ አንዳንዴ መኪናውን ቀስ ያደርግልንና ከግንቡ ማዶ ሳክስፎኑን እንሰማለን። ሰዓት እላፊ አለ፣ የሰው ምላስ አለ፣ ላጤ ሴት ማታ ባንድ ቤት ምን ትሠራለች የሚል ሁሉ አለ። አንድ ዘፈን ሳይጋመስ መኪናው ይነሳል። እሱም ሦስት ደቂቃ አይሞላም ነበር!

አሁን የፈለግሁትን ያህል ነው። አንድ ትዝታ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ማን ይጠይቀኛል? እውነትም ይፈጃል። በድሮው ሸክላ ቢሆን አንዱ ገጽ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ነው የሚበቃለት፤ ዘፋኙ ፊትህ ቆሞ ሲሆን ግን ሰዉን ያየዋል፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ ካየ ያችኑ ስንኝ ይመልሳታል፣ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ይሄ ስልክ ላይ የለም። ልጆቼ የምላቸው የወንድሜ ልጆች «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ» ይሉኛል። የለም።

ደግሞ ከተማው ድሬ ነው፤ በአንድ ቋንቋ አይመሽም። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ መጥቶ እዚህ ሲደርስ፣ የሐረር ተራራ አላስወጣ ስላለው፣ ከታች ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ ያኔ ስሙም አዲስ ሐረር ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ሁሉም የየራሱን ዜማ ይዞ ተጠጋ። አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን በ1950ዎቹ የተቋቋመው እዚሁ ነው፣ በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን እንደዛሬ ቀላል ባልነበረበት ጊዜ። ዘፋኙ ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። ቢራ የሚለውን ስም ራሱ ያገኘው ከዘፈኑ ነው፤ ክረምት አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ማለት ነው፣ እኛ ብራ እንደምንለው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም ሲያርፍ ድሬ ውስጥ ያላለቀሰ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ያለፈው ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። ባንዱ ሞቅ ብሎ እያለ መብራት ሄደ። ኦርጋኑ ዝም፣ ቤዙ ዝም፣ ማይኩ ዝም። ፋኖቹ ቀስ እያሉ ሲቆሙ ይሰማል፣ በየብርጭቆው በረዶ ሲንኳኳ ይሰማል። ሳክስፎን ደግሞ መብራት አይፈልግም። የሚነፋው ልጅ ለአንድ አፍታ እንኳ አላቋረጠም፤ እንዲያውም ከመድረክ ወርዶ በስልክ መብራት መሀል ለመሀል በየጠረጴዛው መዞር ጀመረ። አንድ ሽማግሌ፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ኮፊያቸውን ደፍተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ለስላሳ ይጠጣሉ። ልጁ እሳቸው ፊት ሲደርስ ትንፋሹን ሳበና ወደ ዓሊ ቢራ ዜማ ገለበጠው። ሽማግሌው መጀመሪያ በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ ትከሻቸው መጣ። ከዚያ ከኋላ ያሉት ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሸጎዬ ጭፈራ ጀመሩ፣ ጭብጨባው ከበሮ ሆነ። ጄነሬተሩ ተነስቶ መብራት ሲመጣ ኦርጋን ተጫዋቹ እጁን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ እያየ ዝም አለ። አልገባም። ይሄ ኦርጋን ተጫዋች ትልቅ ሙዚቀኛ ይሆናል ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ዝም ማለት የሚያውቅ ስንት አለ?

እኔ ግን ሳላስበው ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ልማድ አቦ፣ ምን ይደረጋል።

አዝማሪ ቤትም ሄደናል፣ ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር። ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። አዝማሪው ጆሮ ላይ ምን እንዳለችው እንጃ፣ መሲንቆውን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ድሬን ከጅቡቲ ስታገናኝ ኖራ፣
መስመሩ ተያዘ ሲደርስ የሷ ተራ።»

ባል የላትም ማለቱ ነው! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እንባዬ መጣ፣ ተሰደብኩና መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩ። ከጡረታ ደሞዝ ላይ መቶ ብር ቀላል አይደለም፤ ለሐሙስ ያሰብኳት ሥጋ ሽሮ ሆነች። አልቆጨኝም።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ቀድሜ ሄጄ፣ ፊት ለፊት ልቀመጥ ብዬ፣ ለካ ሞንታርቦው፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ስር ኖሯል ያስቀመጡኝ። ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ። «ቀንሱት» ስል አስተናጋጁ «ማዘር፣ ሰው የሚወደው እንዲህ ነው» አለኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም? በኛ ዕድሜ ከጆሮ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ «ሰ»ው፣ «ፈ»ው፣ «ተ»ው ይጠፋል። ስለዚህ ሲጮህ ቤዙ ይመጣል እንጂ ግጥሙ አይመጣም። ግጥሙን ካልሰማሁ ደግሞ ትዝታ ምን ይሠራልኛል?

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ይዣለሁ። ሚክሰሩ፣ የድምፅ ማስተካከያው ያለበትን አያለሁ። ድምፁን የሚያስተካክለው ልጅ የሚያስተካክለው እሱ ተቀምጦ በሚሰማው ልክ ነው፣ ስለዚህ እሱ አጠገብ ያለች ወንበር የቤቱ ምርጥ ወንበር ናት። ደግሞ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ ባንዱ ገና መሣሪያ ሲቃኝ። ክራሩን ከባቲ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ሲያዞሩት፣ ድራመሩ ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ ዘፋኟ ባዶ አዳራሽ ላይ በግማሽ ድምፅ ስታሟሟቅ። መግቢያም አይጠየቅም በዚያ ሰዓት። ልጆቹም ለምደውኛል፤ «ማዘር፣ ይሰማል?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ስል የኖርኩት ሴትዮ!

እና ለገና ስጦታ የለኝም፣ ግብዣ እንጂ። ከበዓሉ ቀጥላ ባለችው ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደጁ ላይ ነኝ። ባጃጅ ከሳቢያን ሰፈር ለሚመጣ ሩቅ አይደለም። ለስድስት ሰው ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ከኔ ጋር ሚክሰሩ አጠገብ። ዘግይቶ የመጣ ሞንታርቦው ስር ይቀመጥ።