እንቁላሉ ዋሸኝ

ጅማ ውስጥ የቡና ገለባን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ተቀሽሮ ሲያልቅ ገለባው በመቀሸሪያው ጓሮ ይከመራል። ዝናብ ሲመታው ይሸታል፣ ሲደርቅ ያቃጥሉታል። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና አመዱን ባየሁ ቁጥር ፖታሺየም ይታየኛል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንድ ማዳበሪያ አመድ ተሸክሜ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አየችኝና ምንም አላለችም። ያቺን ዝምታዋን አውቃታለሁ።

ሐሳቤ ኮስቲክ ሶዳ ሳልገዛ ሳሙና መሥራት ነበር። ጎረቤታችን አኮ (በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው) እናታቸው በአመድና በሞራ ሲሠሩ አይተዋል። «እንቁላል ጣልበት። ከተንሳፈፈ ውሃው ደርሷል» አሉኝ።

ታቹን የበሳሁት ባልዲ ውስጥ ጭድ ጎዘጎዝኩ። አመዱን ሞላሁበትና የዝናብ ውሃ በቀስታ አፈሰስኩ። በክረምት ጅማ ላይ የዝናብ ውሃ ችግር የለም። ጠብ ጠብ እያለ የወረደው መልኩ ጠላ ይመስላል። ያንኑ ውሃ አዲስ አመድ ላይ ደገምኩትና እንዲወፍር እሳት ላይ ጣድኩት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የጣድኩት በአሉሚኒየም ድስት ነው። ትንሽ ቆይቶ አረፋ መትፋት ጀመረ፣ ውስጡም ጠቆረ። አመድ ውሃ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። አልካሊ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሃይድሮጂን ጋዝም ይለቃል። ይህን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ! ቀሪውን በማይዝግ ብረት ድስት ጨረስኩት። የድስቱን ጉዳይ ባንነጋገርበት ይሻላል።

እንቁላሉ ተንሳፈፈ። ደስ ብሎኝ የኑግ ዘይት ጨመርኩና ሦስት ሰዓት አማሰልኩ። ጠዋት ስነሳ ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች። መሐላቸው ቀጭን ቡናማ ቅባት ነገር አለ፣ በቃ።

እንቁላል የሚለካው የውሃውን ክብደት ብቻ ነው። የገበታ ጨው ብታሟሙበትም ይንሳፈፋል። አመድ ውሃ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፖታሺየም ካርቦኔት ነው። ሳሙና ግን ሃይድሮክሳይድ (ከካርቦኔት የበረታ አልካሊ፣ ኮስቲክ ሶዳም አንዱ ነው) ይፈልጋል። ዘይት ማለት ሦስት የስብ አሲዶች አንድ ግሊሰሪን ላይ ታስረው ነው። ሃይድሮክሳይድ እስራቱን ይፈታና አሲዶቹን ሳሙና ያደርጋቸዋል፣ ግሊሰሪኑም ነፃ ይወጣል። ካርቦኔት ለዚህ ጉልበት የለውም። ቀድሞ የተፈታ አሲድ ካገኘ ብቻ ይይዛል።

ታዲያ የአኮ እናት እንዴት ሆነላቸው? ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሞራው ትኩስ ነበር ወይ አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ትኩሱንማ ማን ለሳሙና ይሰጣል? የሸተተውን ነው እንጂ።» ይኸው መልሱ! የቆየ ሞራ ውስጥ ብዙ አሲድ ቀድሞ ተፈትቷል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያፈሉት።

እኔ የሸተተ ሞራ አልፈለግኩም፣ ስለዚህ ኖራ ያስፈልገኝ ነበር። የጠፋ ኖራ (ውሃ የጠጣ ኖራ ማለት ነው) ከካርቦኔቱ ጋር ሲፈላ ካርቦኔቱን ይወስድና በሃ ድንጋይ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ሃይድሮክሳይዱ ከላይ ይቀራል። ሒሳቡ ለ138 ግራም ካርቦኔት 74 ግራም ኖራ ነው። ከዚያ 112 ግራም ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ይወጣል። አመድ ውሃውን ጨርሼ አድርቄ ነጩን ጨው መዘንኩ፣ መልሼ በውሃ አሟሟሁት። ከሂርማታ ገበያ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ኖራ ገዛሁ። አፈላሁት። አሁንም ሳሙና የለም።

ያን ማታ ሰላጣ ላይ አቸቶ ሳፈስ ነው የበራልኝ። ካርቦኔት አሲድ ሲነካው ይፈላል፣ ሃይድሮክሳይድ ግን ዝም ይላል። ከተጣራው ውሃ በማንኪያ ቀዳሁና አቸቶ ጠብ አደረግኩበት። ተንጨረጨረ። ቀጥዬ የኖራውን ዱቄት ሞከርኩት። እሱም ተንጨረጨረ! ከረጢቱ ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ ከርሟል። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ድንጋይ ሆኗል። የገዛሁት የኖራ ሬሳ ነው።

ውሃ ያልነካው ድንጋይ ኖራ አፈላልጌ አገኘሁ። ራሴ አጠፋሁት። ውሃ ሲነካው እንደ እባብ ፉጨት አሰምቶ ያፈላዋል፣ መነጽር ሳታደርጉ አትጠጉት። ግማሽ ሰዓት ከአመዱ ጨው ጋር ፈላ፣ ዘቀጠ፣ ጥሩው ተቀዳ። አቸቶ ጠብ። ዝም።

ጨዉ ንጹሕ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለ138 ግራሙ 450 ግራም ቅባት ብቻ መደብኩ፣ ግማሹ ሞራ፣ ግማሹ ኑግ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ገንፎ ወፈረ። ግን ደረቅ ሳሙና አልሆነም። የፖታሺየም ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነው። ወፍራም የጨው ውሃ ስጨምርበት እንደ አይብ ተቋጥሮ ወደ ላይ ወጣ። ሶዲየሙ የፖታሺየሙን ቦታ ሲይዝ ነው እንግዲህ። በጨርቅ አጥልዬ ቅርጽ ውስጥ ከተትኩት።

ኑጉን ባልደግመው ይሻላል። ከግማሽ በላዩ ሊኖሌይክ የሚባል ቶሎ የሚበላሽ አሲድ ነው፣ በሁለት ወሩ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አወጣ። ሞራ ያጠነክራል። አቮካዶ እዚህ ሞልቷል፣ ዘይቱን ማውጣቱ ግን ሌላ ክረምት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኔ የሚል ኮስቲክ ሶዳ ይግዛ። ለ500 ግራም ሞራ 70 ግራም ይበቃል፣ እኔ ቆዳ እንዳይበላ 66 አደርጋለሁ። ኮስቲኩን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ አታፍስሱ።

አንዱን ቁራጭ ለአኮ ወሰድኩላቸው። ቧንቧው ጋ ነጠላቸውን ጫፉን አሹበትና አረፋውን አዩ። የአቸቶውን ነገር ስተርክላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጎሽ» አሉ። «እንቁላልማ አሁን ተወዷል።»