ቤጂንግን ሁለቴ በተማሪ ኪስ እንዴት እንዳየሁት

ቻይና ዉሀን ከተማ ነው የምማረው፣ ባችለር ሶስተኛ አመት። የስኮላርሺፕ ብሩ ምግብና ስልክ ከሸፈነ በኋላ ብዙም አይተርፍም ግን ቻይና ኖሬ ቤጂንግን ሳላይ አገሬ መግባት አልፈለኩም። ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ብዙ ብር በልቶ ትንሽ አሳየኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ በተቃራኒው ነው።

የመጀመሪያው ኦክቶበር 1 በሚጀምረው የብሄራዊ ቀን እረፍት ነበር። ከጓደኛዬ ጋር መስቀልን ካከበርን በኋላ በቃ እንሂድ ተባባልን፣ ችግሩ የባቡር ቲኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከ15 ቀን በፊት ስለሆነ እኛ ስናስብ ሁሉም አልቋል። የተገኘው አንድ የዝግታው ባቡር ወንበርና አንድ ቁም ቲኬት ብቻ ነው፣ የሚገርመው ቁም ቲኬቱም ዋጋው ከወንበሩ ጋር እኩል ነው! ፈጣኑ ከ500 ዩዋን በላይ ሲሆን ይሄ ወደ 150 ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሌሊቱን ሙሉ እየተፈራረቅን ተቀመጥን፣ ፊት ለፊታችን የነበሩ አንዲት እናት አይተውን ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን፣ እግዜር ይስጣቸው። በየፉርጎው የፈላ ውሃ ስላለ የካርቶን ኑድል ይዛችሁ ግቡ፣ ሁሉም የሚበላው እሱን ነው።

ከዛ ሆቴሉ። በአፕ የከፈልንበት ቦታ ስንደርስ የውጭ ዜጋ አንቀበልም አሉን። ብሩን መለሱልን ግን በበአል ሰሞን በዛ ሰአት ያገኘነው ሌላ አልጋ እጥፍ ነው ያስከፈለን። አሁን ሳልከፍል በፊት በቻይንኛ "የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ?" ብዬ እጽፍላቸውና መልሱን ስክሪንሾት አደርጋለሁ። ሰው ቤት የምታድሩ ከሆነ ደግሞ በ24 ሰአት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ ግዴታ ነው፣ ነጻ አልጋ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትረሱት።

ጉጎንግ (ፎርቢደን ሲቲ፣ የድሮው የንጉሶች ቤተመንግስት ማለት ነው) ቲኬቱ አልቆ አልገባንም። በጣም አዝኜ ነበር ግን በስተሰሜን በኩል ጂንግሻን የሚባል ፓርክ አለ፣ መግቢያው 2 ዩዋን። ኮረብታው የተሰራው የቤተመንግስቱን ዙሪያ የከበበው የውሃ ቦይ ሲቆፈር በወጣው አፈር ነው፣ የሚንግ ስርወ መንግስት የመጨረሻው ንጉስ ቾንግዠንም በ1644 ራሱን የሰቀለው እዛ ነው። ጫፉ ላይ ወጥተን የጉጎንግን ቢጫ ጣራ ሙሉውን ከላይ ስናየው ጓደኛዬም እኔም ዝም አልን። እስካሁን ቤጂንግ ውስጥ ካየሁት እሱን የሚያህል የለም።

ሁለተኛው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ እረፍት እንደጀመረ፣ የቻይና አዲስ አመት ጉዞ ሳይጨናነቅ። ቅደም ተከተሉን ቀየርኩት። መጀመሪያ የባቡር ቲኬት 15 ቀን ሲቀረው፣ ቀጥሎ ስክሪንሾት የያዝኩበት ሆቴል፣ ከዛ የጉጎንግ ቲኬት ሽያጭ 7 ቀን ሲቀረው ማታ 2 ሰአት ላይ ስለሚከፈት ፓስፖርት ቁጥሬን አዘጋጅቼ ስልኬ ላይ ቁጭ። ከኖቬምበር እስከ ማርች መግቢያው ከ60 ወደ 40 ይወርዳል፣ በተማሪ መታወቂያ ደግሞ 20 ነው የከፈልኩት። ሰኞ ዝግ ነው ተጠንቀቁ። ብርዱ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወፍራም ካልሲና ጓንት ግድ ነው፣ ግን ሰው ሳይጋፋኝ ግቢውን ቀስ ብዬ ዞርኩት።

ለታላቁ ግንብ ከደሸንግሜን 877 ቁጥር አውቶቡስ ባዳሊንግ የሚባለው የግንቡ ክፍል ያደርሳል፣ 12 ዩዋን። ፌርማታው አካባቢ "ዛሬ 877 የለም በኛ መኪና ሂዱ" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አትስሟቸው፣ አልፋችሁ ሰልፉን ፈልጉ፣ እኔን አንዱ እስከ ሰልፉ ድረስ ተከተለኝ አውቶቡሱ ግን እዛው ቆሞ ነበር።

ምግብ ላይ የአሳማ ስጋ የማትበሉ የላንዡ ኑድል ቤት ፈልጉ፣ ሙስሊሞች ናቸው የሚሰሩት፣ የትም ሰፈር አለ፣ ከ10 እስከ 20 ዩዋን ባለው በደንብ ትጠግባላችሁ። ለጾም ግን ያስቸግራል፣ አትክልት ብቻ ብላችሁም መረቁ የስጋ ሊሆን ስለሚችል ረቡዕና አርብ እኔ ሩዝና የተጠበሰ አትክልት ነበር የማዘው።

ከቤጂንግ ሻንጋይ በሌሊት ባቡር ሄድኩ፣ የአንድ ቀን አልጋ ተረፈልኝ። ባቡር ጣቢያ ፓስፖርቴ በማሽኑ በር አላለፈልኝም፣ ሰራተኛ ወዳለበት በር ነው የሄድኩት፣ ስለዚ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ሻንጋይ ላይ ከ100 ዩዋን በላይ የሚጠይቀውን የቱሪስት ጀልባ ትቼ የሰፈሩ ሰው ወንዙን የሚሻገርበትን ጀልባ ያዝኩ፣ 2 ዩዋን። ፀሀይ ስትጠልቅ ነበር፣ ከስራ ከሚመለሱ ባለ ሞተርና ባለ ሳይክሎች መሀል ቆሜ በአንድ ጎን የድሮዎቹን የድንጋይ ህንጻዎች በሌላው የፑዶንግ ሰፈርን ማማዎች መብራት ሲበራ አየሁ።