የእድራችን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የገባበት መንገድ

ፕሮግራም አሠራር የሚያስተምሩ ጽሑፎች ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይደረድሩላችኋል። ችግሩን መለየት፣ ፍላጎት መሰብሰብ፣ ንድፍ ማውጣት፣ ኮድ መጻፍ፣ መፈተሽ፣ ማስረከብ፣ መከታተል። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። የማይነግሯችሁ የትኛው ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚሄድ ነው። የሰፈራችንን እድር የመዋጮ መዝገብ ፕሮግራም ስሠራ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ኮዱ አልነበረም። ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ቁጭ ብዬ «እንዲህ ቢሆንስ?» እያልኩ ስጠይቅ የከረምኩት ነው።

እድሩ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳሉት ብዙዎቹ ነው። አባላት ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ መዋጮ ይከፍላሉ። ሐዘን ሲደርስ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሳህን ያወጣል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚሰፍረው አንድ ወፍራም ባሕር መዝገብ ላይ ነው። ጸሐፊው ጋሼ (ስማቸውን ልተወው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወዱም) መዝገቡን ለዓመታት ይዘውታል። የማን ስም የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ ማን ከልጁ ጋር ተጣልቶ ወራሽ እንደቀየረ በቃላቸው ያውቃሉ።

ኮሚቴው እኔ ጋ የመጣው መዝገቡ ስለተበላሸ አልነበረም። ጋሼ አንድ ሰሞን ታመው ተኙ። ያን ጊዜ መዝገቡን ከፍቶ አንድ አባል ምን ያህል እንዳለበት መናገር የቻለ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ችግሩ የፍጥነት አይደለም፤ የሚታወቀው ነገር ሁሉ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መሆኑ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጋሼ የሚያውቁትን ሌላ ሰው ከፍቶ ማየት እንዲችል»። ከዚያ በኋላ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ይተያያል። አንዱ በቴሌግራም ማስታወሻ ይላክልን አለ። ሌላው የአባላት ፎቶ ይግባ አለ። የድንኳንና የሳህን ቆጠራም ተነሳ። ሁሉም ደግ ሐሳብ ነው፣ ሁሉንም «ሁለተኛው ዙር» በሚል ገጽ ላይ ጻፍኩት። እምቢ ከማለት «ለሁለተኛው ዙር» ማለት ይቀላል፤ ማንም አይቀየምም።

ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንቡን ተቀበልኩ። ደንቡን ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሥራው የሚመጣው ደንቡ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ለምሳሌ ደንቡ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ይህን ያህል፣ ለወላጅ ይህን ያህል፣ ለወንድምና ለእህት ይህን ያህል ይከፈላል ይላል። ጥሩ።

«ጋሼ፣ ሁለት ወንድማማቾች አባል ቢሆኑና እናታቸው ቢያርፉ ለሁለቱም ይከፈላል?»

ሳቁ። «ይኸውልህ ልጄ፣ አጋጥሞን ያውቃል። ያን ጊዜ ለሁለቱም ከፈልን። ኋላ ሌላ ሲመጣ ኮሚቴው አንድ ይበቃል አለ።»

«ታዲያ ደንቡ የትኛው ነው?»

«ኮሚቴው እንደወሰነ ነዋ!»

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮግራመር «ቁርጡን ንገሩኝ» ይላል። ኮድ ቁርጥ ያለ ነገር ይወዳልና። እኔ የጋሼን መልስ እንዳለ ወሰድኩት። እድር የሚኖረው እንዲህ ባለ ውሳኔ ነው፤ ኮምፒውተር ስለገባ ሽማግሌዎቹ ሥልጣናቸውን ለኔ ማስረከብ የለባቸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ክፍያ አይወስንም። ደንቡ የሚለውን መጠን ያሳያል። ኮሚቴው የፈቀደውን መጠን ይቀበላል። ሁለቱ ከተለያዩ የቃለ ጉባኤ ቁጥር ካልተሞላ አያሳልፍም። በቃ፣ ሦስት ሳጥን ናት። ይህችን ባላገኝ «ወንድም ካለ፣ ወንድሙም አባል ከሆነ፣ ውዝፍ ከሌለበት» እያለ የሚቀጥል ኮድ ውስጥ እገባ ነበር፤ ያም ሆኖ የሚቀጥለው ሐዘን ያልተጻፈ ነገር ይዞ መምጣቱ አይቀርም።

ሌሎቹ ጥያቄዎች ቀለል ያሉ ነበሩ። ውዝፍ ያለበት ሰው ገንዘብ ሲያመጣ ከየትኛው ወር ይጀመራል? ከቀደመው። ልጆቹ ውጭ ያሉ አባል የዓመቱን ባንዴ ቢከፍልስ? ወር በወር ይከፋፈልለታል። አባሉ ሲሞት ባለቤቱ በምን ቁጥር ትቀጥላለች? በዚያው ቁጥር። ጳጉሜን ላይ መዋጮ አለ? የለም። ግን ሰው በጳጉሜን ይሞታል፣ ስለዚህ ወጪው መመዝገብ አለበት። እያንዳንዷን ከነመልሷ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። ደብተሩ ኋላ ሌላ ጥቅም ሰጥቶኛል፤ እመለስበታለሁ።

ንድፉን ሳወጣ ትልቁን ሐሳብ የሰጠኝ ራሱ ባሕር መዝገቡ ነው። ጋሼ ሲሳሳቱ ፍሉድ አይቀቡም። ማስመሪያ ያመጣሉ። የተሳሳተው ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምራሉ፣ ቁጥሩ ግን ከሥር ይነበባል። ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፉና ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዡም አጠገባቸው ይፈርማል። ለምን ስላቸው «የጠፋ ቁጥር ጠብ ያመጣል» አሉኝ። ባንኮች የሚጠቀሙበት የሒሳብ ሶፍትዌርም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የተመዘገበ ክፍያ አይጠፋም፤ የሚያቃናው ሌላ ምዝገባ ይጨመርበታል። ስለዚህ ፕሮግራሜ ላይ «አጥፋ» የሚል ቁልፍ የለም። «አርም» አለ። ሲነካ ማን እንዳረመና ለምን እንዳረመ ይጠይቃል፣ የድሮውን መስመር አስምሮበት ያሳያል። ጋሼ ስክሪኑ ላይ የተሰመረበትን ቁጥር ሲያዩ ምንም ማብራሪያ አልጠየቁኝም።

ገንዘቡን በሳንቲም፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር፣ አስቀመጥኩት። 50 ብር ፕሮግራሙ ውስጥ 5000 ተብሎ ይገባል። ኮምፒውተር ነጥብ ያለበትን ቁጥር በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሚይዝ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ፓይዘን፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ 0.30000000000000004 ብሎ ይመልሳል። ጉባኤ ፊት ይህን ለማስረዳት ከመሞከር ከሥሩ ማስቀረት ይሻላል።

ቀኑ ራሱን የቻለ ጉድ ነበረው። ከኔ በፊት አንድ ወጣት አባል መዝገቡን ኤክሴል ላይ ጀምሮት ነበር። ጥቅምት 30ን 30/02 ብሎ ሲያስገባ ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበልም፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውማ። እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። 13ኛ ወርማ ጭራሽ አያውቅም። ቀሪዎቹን ደግሞ ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን ያደርጋቸዋል። ከዚያ በቀን ደርድር ስትሉት ምን እንደሚወጣ ገምቱ። የፓይዘን የራሱ የቀን መሣሪያም የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን ካሌንደር ብቻ ነው።

ያደረግኩት እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተራ ቁጥር መቀየር ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች የጁሊያን ቀን ቁጥር የሚሉት ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦ 1,724,221 ትይዛላችሁ። ከዓመቱ 1 ቀንሳችሁ በ365 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉውን ቁጥር ትደምራላችሁ። ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። በመጨረሻ ቀኑን ጨምራችሁ 1 ትቀንሳላችሁ። መስከረም 1 ቀን 2000 እንዲህ ሲሰላ 2,454,356 ይሆናል፣ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ካሌንደራችን ለፕሮግራመር እንዴት ገር እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። አሥራ ሁለቱም ወር 30 ቀን፣ ጣጣው ሁሉ ጳጉሜን ላይ። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ነበር። ለዚህ ነው የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው፣ የ2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ።

ስም ደግሞ ከቀን ይብሳል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገ/ማርያም። አንዱ ጸሐፊ እንዲህ ሲጽፍ ሌላው እንዲያ ይጽፋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ሁሉንም የተለያየ ሰው ያደርጋቸዋል። ለእያንዳንዱ አባል ስሙን በሁለት መልክ ያዝኩ። አንዱ አባሉ ራሱ እንደሚጽፈው ነው፤ የሚታተመው ይሄ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሌላው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ስውር ቅጂ ነው። እሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፣ ክፍተት ይወጣል፣ «ገ/» ደግሞ «ገብረ» ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ሲሆን፣ እነዚህ ፊደሎች እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ቦታ ይዘው በተርታ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ልወጣው ቀላል ነው፦ ከማንኛውም የፀ ዘር ላይ 8 ብትቀንሱ የጸን አቻ ታገኛላችሁ፣ ከሐ ዘር ላይ 16 ብትቀንሱ የሀን። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ ብቻ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በአባት ስም ጭምር ሞክሼ የሆኑ አባላት ስላሉ፣ ሰው የሚለየው በአባልነት ቁጥር ነው።

ስክሪኖቹን ኮድ ከመጻፌ በፊት ወረቀት ላይ ሣልኳቸው። ወረቀቱን ጋሼ ፊት አስቀምጬ «አሁን አንድ ሰው መዋጮ ሊከፍል መጣ፤ ምን ይነካሉ?» እላለሁ። በጣታቸው ያሳዩኛል። በዚህ መንገድ የታወቀው ዋና ነገር፣ እሑድ ጠዋት ሰው ተሰልፎ እያለ አማርኛ መተየብ የሚሆን ነገር አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የመክፈያው ገጽ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው፦ የአባልነት ቁጥር፣ የብር መጠን፣ የካርኒ ቁጥር። ስሙ ራሱ ይመጣል። በቴሌብር ለሚከፍሉ ደግሞ በካርኒው ፋንታ የግብይት ቁጥሩ ይገባል።

ስለ ኮዱ ብዙ የምለው የለም። ፓይዘን ነው፣ መረጃው ኤስኪውላይት የሚባል የመረጃ ቋት ላይ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም። የእድሩ መረጃ በሙሉ አንድ ፋይል ስለሆነ ፕሮግራሙን ዘግቶ ፍላሽ ላይ መገልበጥ ይበቃል። ሰው ከየት ጀመርክ ሲለኝ ከውዝፍ ስሌቱ ነው እላለሁ። እሱ ልክ ከሆነ የቀረው ገጽ ማሳመር ነው።

ፍተሻ ላይ ያ ደብተር ተመልሶ መጣ። እያንዳንዷ «እንዲህ ቢሆንስ?» አንድ የሙከራ ኮድ ሆነች። ወንድማማቾቹ፣ የዓመቱን የከፈለው፣ ጳጉሜን 6 ላይ ያረፈው፣ ሁሉም ተፈተኑ። ሌላው ፈተና የመብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ክፍያ እያስገባሁ ገመዱን ነቀልኩት፣ ደጋግሜ። ክፍያው ወይ ሙሉ በሙሉ ገብቷል ወይ ጭራሽ አልገባም፤ ግማሽ ገብቶ የቀረ የለም። ኤስኪውላይት ለዚህ የታመነ ነው፣ ቢሆንም በዓይኔ ሳላይ ለሽማግሌዎች አላስረክብም።

ማስረከቡም በአንዴ አልነበረም። መዝገቡና ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ሄዱ። በየወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ድምሩ ይመሳከራል። መጀመሪያ አካባቢ ልዩነት ሲወጣ ምንጩ ሁሌም የድሮ ውዝፍ ነበር፤ በቃል ይቅር ተብሎ መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ። ኮሚቴው አንድ በአንድ አይቶ ቃለ ጉባኤ ጻፈበት። ጎን ለጎን የመሄዱ ጥቅም ስህተት ማግኘቱ ብቻ አልነበረም። ጋሼ ድምሩ ሲገጥም ወር በወር አዩት፣ አመኑት። ማሽኑን እኔ ብቻ አምኜው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጠረጴዛ ሥር ነበር። አሁን ሁለት ወጣት አባላት ያለ እኔ ይሠሩበታል። ጋሼ ግን መዝገቡን አልተዉም። በየወሩ ገጹ ታትሞ ይሰጣቸውና ባሕር መዝገቡ ላይ ይለጥፉታል፤ እኔም ይህን ወድጄዋለሁ፣ ከፍላሽ የተሻለ መጠባበቂያ ነው።

ሁለተኛው ዙር ተጀምሯል። ተራው የዕቃ ቆጠራው ነው። ሐዘን ላይ የተሰበረ ብርጭቆ የሚተካው ማን ነው የሚለውን ኮሚቴው ገና እየተከራከረበት ስለሆነ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም።